ጾመሽ ነይ

እኔን ብሎ የሐኪም አስተማሪ! ፊደል የሚባል ነገር የማልለይ፣ ፊርማዬ አውራ ጣቴ የሆነ ሴትዮ፣ ጋዋን ከለበሰ ሰው መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ? ልጆቼ «እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። ማረፉንስ አውቅበታለሁ፤ መቀመጡ ነው ያቃተኝ። ጨዋታ ያለበት ቦታ እግሬ እኔን ቀድሞ ይደርሳል። ያን ቀን ግን ጨዋታ ፍለጋ ሄጄ፣ ታስሬ፣ ዓይኔ ተለጥፎ፣ አፌ ተከድኖ፣ ጎረቤቴን በገዛ እጄ ልገድላት መሆኔን በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ካሳመረችው የሷ ጥፋት ነው።

አንጓች እባላለሁ። የዘጌ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የገባሁት ጌሾ ይዤ በታንኳ ነው፤ ጌሾዬን ሸጬ ልመለስ ስል አንድ ሰውዬ አየኝና ቀረሁ። ሰውዬው ነፍሱን ይማረውና አሁን የለም፣ ቤቱ አለ። ከቤቱ አንዷን ክፍል ለሜሮን አከራይቻለሁ። ሜሮን የናዝሬት ልጅ ናት፣ ሥራዋ ሰው ማስተኛት። አልቀለድሁም። ሰው በቢላ ሲቀደድ እንዳያመው መድኃኒት ሰጥታ ታስተኛዋለች፤ ሰፍተው ሲጨርሱ ደግሞ ትቀሰቅሰዋለች። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ነይና አስተኚኝ» ስላት፣ «እማማ፣ እርስዎን ማስተኛት ቀላል ነው፤ ዝም ማሰኘት ነው የሚከብደው» ትለኛለች።

ይቺ ልጅ ከሥራዋ ስትመለስ እንደ ሰው አረፍ አትልም። በየወረዳው ትንንሽ ሆስፒታል ላሉ ነርሶችና አዋላጆች፣ እንደሷ ሰው ለሚያስተኙትም፣ ትምህርት ታዘጋጃለች። ሰው ከመቀደዱ በፊት ምን ይጠየቃል፣ ተኝቶ ሳለ ማን ምኑን ይጠብቅለታል፣ ከተሰፋ በኋላ እንዴት ይያዛል፣ ይኸን ነው የምታስተምር። መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው አሉ። እሷ ቁጭ ብላ ወደ አማርኛ ታወርደዋለች፣ ከዚያ በስልክ ትልክላቸዋለች፣ በነጻ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለ ማኅበር አዳራሽ ለምና ትሰበስባቸዋለች።

«አበል አለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የለውም።»

«ምሳስ?»

«ቆሎ አለ።»

«በይ እንግዲህ፣ አንቺና ግድግዳው ናችሁ» አልኋት። አፈርሁ። ከዱርቤቴ መጡ፣ ከማክሰኝት መጡ፤ ተረኛ ሆነው መምጣት ያቃታቸው ደግሞ በስልክ እያዩ ይከታተላሉ።

መጀመሪያ የሄድሁ ቁልፍ ረስታ ላደርስላት ነበር። ስገባ አልጋ ላይ ትራስ አጋድመው፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ትራሱን «እማማ፣ ስምዎ ማን ይባላል?» እያለ ይጠይቃል። ሳቄ አመለጠኝ። «እኔ ልተኛላችሁ፤ ቢያንስ እመልሳለሁ» አልሁ። ይኸው ነው ጥፋቴ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ታካሚ ሆንሁ። አንድ ጊዜ ሆዴን ታመምሁ፣ አንድ ጊዜ እግሬን ተሰበርሁ፣ አንድ ጊዜማ በዚህ ዕድሜዬ ምጥ ያዘኝ።

አሁን ወደ እናና ልምጣ። እናና ጎረቤቴ ናት። የኔና የሷ አጥር አንድ ነው፤ አርባ ዓመት ተጣልተንበታል፣ ታርቀንበታል። አንገቷ ላይ እንቅርት አላት፣ ወይም ነበራት። ነጠላዋን እስከ አገጯ ትጠመጥምና «ብርድ ነው» ትላለች፣ በባሕር ዳር ሙቀት! እያደር ግን እንቅርቱ አደገና ትንፋሽ ያሳጥራት ጀመር። ተኝታ ስታንኮራፋ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። የትልቁ ሆስፒታል ሐኪሞች «ይውጣ» አሉ። እሷ «አንገቴን ለቢላ አልሰጥም» አለች። ልጇ አስናቁ አልቅሳ ለመነቻት፣ እምቢ። በመጨረሻ ያሳመንኋት እኔ ነኝ። «እኔን አይደለም እንዴ በየወሩ የሚያርዱኝ? ይኸው አለሁ» ብዬ አሳቅኋትና እሺ አለች። ይኸን ልብ በሉልኝ፣ ወደዚያ ሆስፒታል የላክኋት እኔ ነኝ።

በዋዜማው ከሆስፒታሉ ለአስናቁ ደወሉላት። እናና አጥሩ ጋ ቆማ ጠራችኝ።

«ነገ ተራሽ ነው፣ ጾመሽ ነይ አሉኝ።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ!»

«ምን መስለሻቸው ነው? ዶሮ ወጥ ተሸክመሽ የምትመጪ?»

«እኔንጃ። ከተሜው ሁሉ ገዳፊ ሆኖባቸው ይሆናል።»

ተሳሳቅን። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ይቀፈኛል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን በሶ ጠንከር አድርጌ በስኳር አሽቼ፣ የተልባ ውሃ በጣሳ ይዤ እናና ቤት ገባሁ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾም። እሷን ግን የንስሐ አባቷ «በሽተኛ ነሽ፣ ሰዓት አትጠብቂ፣ ቀድመሽ ቅመሺ» ብለዋታል። ፍርሃት ይዟት በሶውን አየችና ፊቷን አዞረች።

«አይወርድልኝም።»

«ይወርዳል። በባዶ ሆድሽ ለቢላ ልትቀርቢ ነው? አቅም ከየት ይመጣል?»

«አንጓች፣ ተይኝ በእናትሽ።»

«ይቺን ብቻ። ቅቤ ጠብ አላለባትም፣ ንጹህ የጾም ነው።»

በእጄ አጎረስኋት። አንዴ አጎረስኋት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው ዓይኗ ፈጠጠ፤ እኔ ደስ አለኝ። ተልባውንም አስጨለጥኋት። ጣቴን ላስሁ እንዴ? ላስሁ፣ ትንሽ። እግዜርም አይቷል፣ እናንተም አሁን ሰማችሁ።

አንድ አስታማሚ ብቻ ይበቃል ስለተባለ አስናቁ ይዛት በባጃጅ ሄዱ። «ሁለተኛ ተራ ናት፣ አራት ሰዓት ገደማ ትገባለች አሉን» አለችኝ ባጃጁ ላይ ሆና። ሜሮን ያን ሰሞን በምትሠራበት በሌላው ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ከእናና ጋር አልተገናኙም፤ ያን ጠዋትም አዳራሹን ልታሰናዳ ቀድማ ወጥታለች። እኔም ከሰዓት እናናን ልጠይቅ አስቤ፣ ጥለቴን አስተካክዬ፣ ልታረድ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ሜሮን ስልኳን ረጅም እግር ያለው ነገር ላይ ሰክታ ወደ አልጋው አዙራዋለች፤ በሱ በኩል የሩቆቹ ያያሉ። አረንጓዴ ልብስ አጠለቁልኝ፣ ቆብ አደረጉልኝ፣ አልጋው ላይ አጋደሙኝ። ሁለቱን እጆቼን ግራና ቀኝ ዘርግተው በቀበቶ አሰሩ። ጭኔ ላይም አንድ ሰፊ ቀበቶ አሳለፉ። ሰው ተኝቶ ሳለ እንዳይወድቅ ነው አሉ። ጣቴ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለች ማሽን ሰኩብኝ፤ የልብ ምት ትቆጥራለች፣ በየምቱ ጢጥ ትላለች።

የሚጠይቀኝ ጌታሁን የሚባል ነርስ ነው፣ ከዱርቤቴ የመጣ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ እጁ ግን እንደ ጥጥ።

«እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«አንጓች። አንተስ?»

«ጌታሁን እባላለሁ። የሚታከሙት ምንዎን ነው?»

«ምላሴን። ረዝሟል ይላሉ።»

«ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት?»

«የራሴም አልቀረልኝ።»

አዳራሹ ይስቃል፣ እኔ ይበልጥ ይብስብኛል። ጌታሁንም እየሳቀ ወረቀቱን አየ።

«ጾመዋል?»

«ምን ማለትህ ነው አንተ? በዚህ ዕድሜዬ፣ በሁዳዴ፣ ልግደፍልህ?»

ያኔማ ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ሜሮንም ሳቀች። ጌታሁን «ጾመዋል» አለና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። አያችሁ? ያን ሁሉ የተማረ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ነገሩ ፊታችን ላይ ቆሞ ሳቅንበት።

ከዚያ የተኛ ሰው ዓይን ተገልጦ እንዳይደርቅ ነው ብለው ሽፋሽፍቴን በስሱ ፕላስተር ለጠፉት። ጨለመብኝ። አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል ደፉብኝ፣ ላስቲኩን ከጭንቅላቴ በስተኋላ አዞሩት። አየር ይገባል፣ ድምፅ ግን እንደ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወጣ።

አርፌ ብተኛ ምን ነበረበት? መጀመሪያ አንኮራፋሁ፤ ሳቁ። ቆየሁና እግሬን አወራጭቼ «ሞትሁ! ሞትሁ! ልጆቼን አደራ!» ብዬ በጭምብሉ ውስጥ ጮኽሁ። አንዷ ልጅ እውነት መስሏት በሩ ድረስ ሮጣለች አሉ። ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ሜሮን ጆሮዬ ሥር መጣች።

«እማማ፣ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ተኝተዋል ማለት ነው። በስልክ ብዙ ሰው እያየን ነው፤ ቢያሳክክዎትም እንዳይንቀሳቀሱ። ቃል ይግቡልኝ።»

«ህም» አልሁ።

«ቀበቶውን ትንሽ ጠበቅ አድርጉት፤ እኚህ ሴትዮ አይታመኑም» አለች። እየሳቁ ጠበቅ አደረጉት።

ተኛሁ። በጨለማው ውስጥ የሐይቁ ውሃ ድንጋይ ሲመታ ይሰማኛል፣ የማሽኗ ጢጥታ ይሰማኛል። ሜሮን ማስተማር ጀመረች።

«ታካሚያችን ተኝተዋል። ቅድም ጌታሁን 'ጾመዋል?' ብሎ ጠይቋል። ለምን ጠየቅን?»

«ሆዳቸው ባዶ እንዲሆን» አለች አንዷ።

«ባዶ ባይሆንስ?»

ሜሮን ቀስ አድርጋ ተናገረች። «ሰው ነቅቶ ሳለ የበላው ወደ ላይ ቢመለስበት ይውጠዋል፣ ወይ ያስለዋል። ስናስተኛው ግን ያ ሳል አብሮት ይተኛል። ከሆዱ የወጣው ምግብ ቀጥ ብሎ ወደ ሳንባው ይገባል። ታካሚው ምንም ሳይነግረን፣ እጃችን ላይ፣ በበላው ምግብ ታፍኖ ሊሞት ይችላል።»

«ቀለል ያለ ነገር ከቀመሰስ ሲስተር?»

«ቀለል ያለም ቢሆን ስድስት ሰዓት ሊያልፈው ይገባል።»

እኔ በሆዴ፣ ጎሽ፣ እናና እንኳን ጾመች አልሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲያ ነው ያልሁ። ደግሞ ያቺ «ባዶ» የምትል ቃል መጣችብኝ። ባዶ። ጾም ሌላ፣ ባዶ ሌላ። ሦስቱ ጉርሻ መጣብኝ። ተልባው መጣብኝ። ዓይኗ ፈጥጦ ስትውጥ መጣብኝ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ በባዶ ሆዴ የተጋደምሁት እኔ ነኝ፣ ለጨዋታው። ለቢላው የሄደችው ሆዷ ሙሉ ነው፣ የሞላሁትም እኔ።

ከአንድ ሰዓት ተነሥቼ በታሰሩት ጣቶቼ ቆጠርሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስድስት አይሞላም።

ያኔ አንዱ ከወዲያ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ። «ለአራት ሩብ ጉዳይ» አለው ሌላው።

«ሜሮን!» አልሁ። በጭምብሉ ውስጥ «እምም!» ሆነ።

ሳቅ ተነሣ። «ነቁ!» አለ አንዱ። «ማደንዘዣው አነሳቸው፣ ጨምሩላቸው!»

«እናና! እናና በልታለች!» «እህህ! እህህ!» ነው የሚሰማቸው። እጄን ብጎትት ቀበቶው ያዘኝ። እግሬን ላነሳ ቀበቶው ያዘኝ። ራሴን አወራጨሁ፤ ጌታሁን በጥጥ እጁ አገጬን ያዘና «እማማ፣ ሲስተር ትቆጣናለች» አለኝ በሹክሹክታ፣ እሱም እየሳቀ።

ሜሮን ደግሞ ለስልኩ «ይቅርታ፣ ታካሚያችን ጨዋታ ይወዳሉ» ትላለች።

እናንተ፣ እንዲህ ያለ እስር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያሰረኝ ቀበቶው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያሰረኝ ቀልዴ ነው። «ሞትሁ» ብዬ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ምን ብዬ ልጩህ? ሰባ ዓመት ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ አንድ ጊዜ የምር ልናገር ብል የሚያምነኝ አጣሁ። ጮኽሁ፤ ሳቁ። ደግሜ ጮኽሁ፤ አጨበጨቡልኝ። እናና አሁን በጋሪዋ እየተገፋች ይሆናል። አሁን በሩን ከፍተውላት ይሆናል። «ጾመዋል?» ሊሏት ነው። እሷም «እንዴታ» ልትል ነው፤ እኔ ነኝ ንጹህ የጾም ነው ያልኋት።

ከዚያ መጮኹን ተውሁት። አልቅሼ አላውቅም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ የማስቅ ነኝ። በፕላስተሩ ሥር እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ደረሰ።

ያቺ ማሽን ናት የደረሰችልኝ። ጢጥ… ጢጥ… ስትል የነበረችው ጢጥጢጥጢጥ አለች። ጌታሁን እጁ አገጬ ላይ ደረቀ።

«ሲስተር» አለ። «የልብ ምታቸው መቶ ሠላሳ ገባ።»

«ማሽኑ ይሆናል፣ ጣታቸውን አስተካክለው።»

«አይደለም። እያለቀሱ ነው።»

ሳቁ ተቆረጠ። የሜሮን ጫማ ሲሮጥ ሰማሁ። ጭምብሉን አነሣች፣ ፕላስተሩን ላጠችው፤ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ።

«እማማ! ምንዎን ነው? ደረትዎን ነው?»

«እናና በልታለች!»

«ምን?»

«እናና! እንቅርቷን ዛሬ በትልቁ ሆስፒታል ሊያወጡላት ነው! አራት ሰዓት! በልታለች!»

«ጾመው ይምጡ አላሏቸውም?»

«ጾማለች! በሶ ነው የበላች! በሶ ጾም አይደል እንዴ?»

ጌታሁን ምልክት ያደረገበትን ወረቀት አየ። ሜሮን እኔን አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ላይ። ሦስት ጉርሻ። ተልባም አለበት። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጎረስኋት…»

የጌታሁንን ስልክ ነጥቃ ለአስናቁ ደወለች፣ ቁጥሩን የልጅ ልጄ ጽፋ መቀነቴ ላይ ከቋጠረችልኝ ወረቀት አንብባ። ይጠራል፣ አይነሣም። እዚያ ሆስፒታል ለምታውቀው ባልደረባዋ ደወለች፤ ዝግ ነው። «ውስጥ ሲገቡ ስልካቸውን ልብስ መቀየሪያው ጋ ይተዉታል» አለች። ለራሷ ነው ያለችው። ሌላው «ባጃጅ ልያዝ?» አለ። «ቢበር አይደርስም» አለችው።

ከዚያ ወደ ረጅም እግሩ ስልክ ዞረች። የሩቆቹ እስካሁን እያዩን ነው ለካ፤ ጩኸቴንም እንባዬንም።

«ስሙኝ» አለች። «ይህ ትምህርት አይደለም፣ ጨዋታም አይደለም። ከእናንተ ውስጥ አሁን ባሕር ዳር ትልቁ ሆስፒታል ግቢ ያለ ሰው ካለ፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሩጡ። እናና የሚባሉ እናት፣ የእንቅርት ታካሚ፣ ሆዳቸው ባዶ አይደለም። እንዳያስተኟቸው። እባካችሁ።»

ስልኩ ላይ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። አንዱ ካንዱ በላይ፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣ እንደ ጉንዳን። ሁሉም ተጎንብሶ ያነባል። እኔ እዚያው አልጋ ላይ ነኝ፤ እጄን ፈተውታል፣ የጭኔን ቀበቶ ማንም አላስታወሰውም። ፊደሉ ይመጣል፣ እኔ አላነበው። የእናና ሞትና ሕይወት እዚያ ላይ ተጽፎ ቢሆን እንኳ አላውቀው። ሌላ ጊዜ ባለማንበቤ ቀልጄበታለሁ። ያኔ ግን ፊታቸውን ነበር የማነብ፣ የነሱ ፊት ደግሞ ዝግ ነው።

«ምን ይላል?» አልሁ።

«እኔ ያለሁት መራዊ ነው ይላል አንዱ፣ አይደርስም።»

«አሁንስ?»

«'እግዚአብሔር ይርዳቸው' ነው የሚለው።»

«አሁንስ?»

ሜሮን ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል እጄን ያዘችኝ። ማሽኗን ከጣቴ ያነሣት የለም፣ ያዳራሹ ሰው ሁሉ የኔን ልብ እየሰማ ቆሟል።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አትጠይቁኝ። የሆነ ጊዜ ላይ ሜሮን «በድምፅ የተላከ ነው» አለችና ነካችው። የአንዲት ሴት ድምፅ ወጣ፣ ሮጣ የመጣች፣ ትንፋሿ የሚቆራረጥ።

«ሲስተር… ነርስ ነኝ፣ እረፍት ክፍል ሆኜ እያየኋችሁ ነበር። ደርሻለሁ። ጭምብሉን ፊታቸው ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ነው የደረስኩት። አልተኙም። ጠይቀናቸው 'ጾሜአለሁ' ብለውን ነበር። አሁን 'ምን ቀመሱ?' ስንላቸው 'ከበሶ በቀር ምንም' አሉን።»

ከኋላዋ ደግሞ የማውቀው ድምፅ መጣ፣ የተቆጣ። «ማን ነገራችሁ? አንጓች ናት አይደል? አንጓች ናት!»

በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ስድብ የለም። አዳራሹ አለቀሰም ሳቀም። ሜሮን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። እኔም ልነሣ ብል ቀበቶው መልሶ ጣለኝ፤ ያኔ ነው ያስታወሱትና የፈቱኝ።

ሜሮን ስትረጋጋ ወረቀቷን አንሥታ አየችው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ከእንግሊዝኛው ሳወርደው 'ጾም' አልኩ። እኔም ቤት እኮ ሁዳዴ ይጾማል። እንዴት አልታየኝም?» አንድ መስመር ጎትታ ሰረዘችውና እስክሪብቶዋን ይዛ እኔን አየችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩን። እናናን እንዴት ብለን ብንጠይቃቸው ኖሮ እውነቱን ይነግሩን ነበር?»

ሰባ ዓመት ሙሉ ሰው የኔን ቃል ሊጽፍ እስክሪብቶ ይዞ ጠብቆኝ አያውቅም። ደነገጥሁ። ለመቀለድ አፌን ከፈትሁ፣ ቀልድ አልመጣልኝም።

«መጨረሻ አፍሽ የገባው ምንድን ነው በሏት» አልሁ። «ስንት ሰዓት ላይ በሏት። ጾምን አታንሡባት። ካነሣችሁባት ስለ ነፍሷ ነው የምትመልስላችሁ፣ ስለ ሆዷ አይደለም። ደግሞ ምንም ካለቻችሁ አትመኗት። ቆሎስ? ተልባስ? ጠበልስ? በሏት። ጠበል ምግብ አይደለም ብላ ምላ ተገዝታ፣ ጠዋት አንድ ጣሳ ጠጥታ የምትመጣ ሴትዮ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።»

ጻፈችው። እንዳልሁት፣ ጠበሉንም ጨምራ። በስልክ የነበሩትም ጻፉት። ኋላ ጌታሁን ዱርቤቴ ሆኖ ደወለልኝና «እማማ፣ ዛሬ አንድ አባት ጾሜአለሁ አሉኝ፣ በእርስዎ ቃል ስጠይቃቸው ግን ንፍሮ በልተው ኖሯል» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ደጄ ላይ ቁጭ አልሁ። ብዙ ቆየሁ። ልጆቼ ታመመች ብለው ነበር።

አሁንም በየወሩ እታረዳለሁ። አሁንም አሾፋለሁ፤ ምላሴን ያወጣልኝ የለም። ግን አንዲት ቃል ከሜሮን ጋር አለችን። ያቺን ካልሁ ቀልድ የለም፣ ሁሉም እጁን ከኔ ላይ ያነሣል። ቃሏን አልነግራችሁም፣ ትቀልዱባታላችሁ። ፊደልም ጀምሬአለሁ፣ የልጅ ልጄ ናት የምታስተምረኝ። እስከ «መ» ደርሻለሁ። የማቆም አይመስለኝም፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጉንዳኑ ሲወርድ ተጋድሜ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ማለት አልፈልግም።

እናንተ ጋዋን የምትለብሱ፣ ልጆቼ፣ የናንተ ቃልና የኛ ቃል አንድ ሆኖ ሲሰማችሁ አትደሰቱ። እኛ ለናንተ «አዎ» ለማለት እንቸኩላለን። እንፈራችኋለንና። እናንተ አስታማሚዎች ደግሞ፣ ፍቅራችሁ እጃችሁ ላይ ሲመጣ፣ ጉርሻውን ያዝ አድርጉት፣ መጀመሪያ ጠይቁ። እኔ በፍቅር ነበር ያጎረስኋት። በሶው ደግሞ ጥሩ በሶ ነበር።

የእናና ነገር በሳምንቱ ሆነ። ያኔ ሜሮን ራሷ በዋዜማው ገብታ አስጠንቅቃት፣ እኔም አጥሬን እንዳልሻገር አስምላኝ፣ በባዶ ሆዷ ገባችና እንቅርቷ ወጣላት። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድሁ። አንገቷ ታስሮ፣ ድምፅዋ ሻክሮ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥሁና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርሁላት፤ እንዴት እንደታሰርሁ፣ እንዴት እንደጮኽሁ፣ እንዴት እንዳለቀስሁ፣ ያቺ ማሽን እንዴት እንደደረሰችልኝ፣ በስተመጨረሻ እንዴት አድርጌ ነፍሷን እንዳተረፍሁላት። አንድም አላስቀረሁ። ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

እናና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አንጓች» አለች፣ «ሌላ ጊዜ ስታመም፣ መጥተሽ እንዳትጠይቂኝ።»